ሳይኮሎጂ ለምን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ይጠበቃል?

ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ 12ኛ ክፍል የሚማር ልጅ፣ ተፈጥሮ ሳይንስ ከሆነ ስለ ጂን፣ ማኅበራዊ ሳይንስ ከሆነ ስለ ዋጋ ግሽበት ይማራል። ያጠናው ነገር ለምን እንደሚጠፋበት ወይም ጭንቀት ለምን እንቅልፍ እንደሚነሳው የሚያስረዳው የትምህርት ዓይነት ግን የለውም።

ነገሩ የቆየ ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ 11ኛና 12ኛ ክፍል መሰናዶ ሆኑ፤ የፍሬሽማን ዓመትም ቀረ። ሳይኮሎጂ ከሁለቱም ዘርፎች አልገባም። በ2012 የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲመለሱ ግን «አጠቃላይ ሥነ ልቦና እና የሕይወት ክህሎት» አብሮ መጣ። ኮርሱ ስለ ትውስታና መርሳት፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀም፣ ስለ ማስታወሻ አያያዝ፣ ስለ ፈተና ፍርሃት ያስተምራል።

እኔን የሚቆረቁረኝ እዚህ ላይ ነው። በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ። የፈተና ፍርሃትን መቋቋሚያው ትምህርት የሚደርሰው ፈተናውን ላለፉት ወይም በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) ለተሻገሩት ነው።

ጭንቀቱ ከፈተና ብቻ አይመጣም፤ ከጃቢ ጠህናን ገጠር ወደ ፍኖተ ሰላም የመጣችን ተማሪ አስቡ። ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ከቤት የተላከላትን ድርቆሽና ሽሮ እያብቃቃች ታጠናለች። ቅዳሜ ስንቅ ልታመጣ ስትሄድ የጋብቻ ወሬ ሊጠብቃት ይችላል። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የተነሳው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል፤ የተኩስ ድምፅ የሰማ ልጅ ክፍል ተመልሶ ቢቀመጥም ልቡ አብሮት አይቀመጥም።

እንግሊዝ ውስጥ ሳይኮሎጂ በኤ ሌቭል ብዙ ተማሪ ከሚመርጣቸው ትምህርቶች አንዱ ነው፤ አሜሪካም ከ1992 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በኮሌጅ ደረጃ ትሰጣለች። እኛም ዘንድ ትምህርቱ ሩቅ አይደለም። የፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ዕጩ መምህራንን የልጆችን አስተዳደግና አማማር ያስተምራል፤ ባሕር ዳርና ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲዎችም በሳይኮሎጂ ያስመርቃሉ። ተመራቂው ግን የሚያስተምረው የትምህርት ዓይነት ስለሌለ፣ ትምህርት ቤት ቢቀጠር እንኳ አማካሪ ሆኖ ነው።

ከባዱ መሰናክል ብሔራዊ ፈተናው ነው፤ ፈተና ላይ የማይመጣ ትምህርት ክፍለ ጊዜው ቶሎ ይወሰድበታል። ስለዚህ ሙሉ የትምህርት ዓይነት እስኪቀረጽ መጠበቅ አይበጅም። የትውስታውና የጥናት ክህሎቱ ምዕራፎች ከፍሬሽማን ሞጁሉ ወጥተው፣ በቀላል አማርኛ ተጽፈው፣ 9ኛ ክፍል በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጡ።