ደም ሲሄድ ይሰማል

በኦሮራ ኮልፋክስ ጎዳና ዳር ቆማችሁ አምቡላንስ ስሙ። ሲቀርብ ድምፁ ይቀጥናል፤ ሲርቅ ይወፍራል። ኦስትሪያዊው ክርስቲያን ዶፕለር ስለዚህ የሞገድ ለውጥ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1842 ነው። ዛሬ ሐኪሞች በዚሁ መንገድ የደምን ፍጥነት ይለካሉ።

እናቴ በቅርቡ ተለካች። አንድ ጠዋት ቡና ስትቀዳ ቀኝ እጇ ዛለ፤ አንደበቷም ተሳሰረ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን ደህና ሆነች። "ድካም ነው ልጄ፣ ተይው" አለችኝ። እኔ 911 ደወልኩ። እንዲህ ያለ ምልክት ቢጠፋም ስትሮክ ሊከተለው ይችላል።

ሐኪሙ የአንገቷ የደም ሥሮች በአልትራሳውንድ እንዲታዩ አዘዘ። ለዚህ ምርመራ አማርኛ ሁለት ጥሩ ቃላት አሉት። ደም ቅዳ ደምን ከልብ ቀድቶ ይወስዳል፤ ደም መልስ ወደ ልብ ይመልሳል። ሥራቸውን በስማቸው ስለሚናገሩ እወዳቸዋለሁ።

ባለሙያዋ አንገቷን ጄል ቀብታ መሣሪያውን አስጠጋች። መሣሪያው ጆሯችን የማይሰማው ድምፅ ይልካል፤ ድምፁም ከቀይ የደም ሕዋሳት ጋር ተጋጭቶ ይመለሳል። ደሙ ወደ መሣሪያው ከመጣ የተመለሰው ድምፅ ይቀጥናል፤ ከራቀ ይወፍራል። በተላከውና በተመለሰው መካከል ያለው ልዩነት ግን ለጆሮ ይሰማል። ክፍሉን "ሹ... ሹ..." የሚል ድምፅ ሞላው።

እማዬ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ቀለም አይታ ደነገጠች። "ደሜ ተበላሸ እንዴ?" ቀለሙን የሚቀባው ኮምፒውተሩ ነው። ብዙ ጊዜ ቀይ ወደ መሣሪያው የሚመጣ ደም ነው፤ ሰማያዊ ደግሞ የሚርቅ። ስለዚህ ደም ቅዳም ሰማያዊ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ከቀለሙ ይልቅ ቁጥሩን ተመልከቱ። የውኃ ጎማ ጫፉ በጣት ሲጠብ ውኃው ይፈጥናል አይደል? ደም ሥርም እንዲሁ ነው። በአንገት ደም ቅዳ ውስጥ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ125 ሴንቲሜትር በታች ከሆነ ብዙ አያሳስብም። ከ230 ካለፈ ግን መንገዱ 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ እንደጠበበ ይገመታል። የእናቴ የግራው 260 ነበር።

ሰውነትን በድምፅ ማየት ከተጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ አጠገባችን ነው። በ1950ዎቹ ዳግላስ ሃውሪ እና ጆሴፍ ሆምስ ዴንቨር ውስጥ ታማሚውን ውኃ በሞላ ገንዳ አስቀምጠው ምስል ያነሱ ነበር። አንዱን መሣሪያ የሠሩት ከቢ-29 የጦር አውሮፕላን በተወሰደ ክፍል ነው። ይህን ስነግራት እማዬ ሳቀች፦ "እኔስ በጄል ተገላገልኩ!"

ቀዶ ጥገናው ሐሙስ ነው። ሐኪሙ ደም ቅዳውን ከፍቶ መንገዱን ያጠበበውን ስብ ያወጣል። ከዚያ ያው መሣሪያ እንደገና ይለካታል።