«አለ»፣ «ነገረ»፣ «ተናገረ»፣ «አወራ»፤ ስለ መናገር ግሶች ከአራዳና ከፒያሳ አነጋገር የተወሰደ ጥናት

በአማርኛ አፉን የፈታ ተማሪ እንግሊዝኛ ሲጽፍ ደጋግሞ ከሚሰናከልባቸው ስፍራዎች አንዱ የመናገር ግሶች ናቸው። «ሴይ»፣ «ቴል»፣ «ስፒክ»፣ «ቶክ» የሚባሉትን አራት ግሶች ሁሉንም «ተናገረ» ብሎ ስለ ተማራቸው፣ እንደ አንድ ቈጥሮ አንዱን በሌላው ስፍራ ያገባዋል። መምህሩ በቀይ ቀለም ያርመዋል፤ ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ግን ብዙ ጊዜ አይነገረውም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህንኑ ምንጭ ነው። አሳባችንን አስቀድመን ለመናገር ያህል፣ አማርኛ የመናገር ግስ አላነሰውም፤ እንዲያውም ተርፎታል። ነገሩ ሁለቱ ቋንቋዎች ንግግርን የሚከፍሉበት መንገድ አንድ አለመሆኑ ነው።

ምሳሌዎቻችንን ከአራዳና ከፒያሳ አነጋገር መውሰዳችን ያለ ምክንያት አይደለም። አራዳ ከጣልያን ወረራ አስቀድሞ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ የነበረበት ስፍራ ነው። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቈዩበት ዘመን የሀገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወሩት፤ ለአራዳው እምብርትም በቋንቋቸው አደባባይ ማለት የሆነውን «ፒያሳ» የሚለውን ስም ትተውለት ሄዱ። ቤተ ክርስቲያን፣ ወርቅ ቤት፣ ሆቴልና ቡና ቤት ጐን ለጐን ያሉበት ሰፈር ስለ ሆነ፣ ሰው በየምክንያቱ እንዴት እንደሚናገር ለመመርመር የተመቸ ነው።

ሀ. የእንግሊዝኛው አከፋፈል

«ሴይ» የሚመለከተው የተባለውን ቃል ነው፤ ሰሚው ቢጠቀስም ባይጠቀስም ግድ የለውም፤ ቢጠቀስ ግን «ቱ» የሚለው መስተዋድድ በመካከል መግባት አለበት። «ቴል» የሚመለከተው ሰሚውን ነው፤ ታሪክን፣ እውነትን ወይም ሐሰትን በመንገር ካልሆነ በቀር ለማን እንደ ተነገረ መታወቅ አለበት። «ስፒክ» ድርጊቱንና ችሎታውን ይመለከታል፤ ለጉባኤ ንግግር ለሚያደርግና ቋንቋ ለሚያውቅ ሰው ይነገራል። «ቶክ» ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወገን የሚመላለሱበትን ጭውውት ያመለክታል። ከዚህ የሚወጡ አገባቦች ቢኖሩም አካሄዱ ባጭሩ ይህን ይመስላል።

ለ. «አለ» እና «ነገረ»

ለ«ሴይ» የሚቀርበው የአማርኛ ግስ «አለ» ነው። ይህ ግስ የተባለውን ቃል ከፊቱ ይፈልጋል። በፒያሳ ወርቅ ቤት ገዥው «ዋጋው በዛ» ቢል፣ ሻጩ ዘወር ብሎ ለባልንጀራው «ዋጋው በዛ አለኝ» ይለዋል። እዚህ ላይ «ኝ» የምትለው ፊደል ሰሚውን ያለ ምንም መስተዋድድ ከግሱ ጋራ ታጣብቀዋለች። የእንግሊዝኛው ግስ ይህን አይቀበልም። እንግዲህ ተማሪው «ሂ ሴድ ሚ» ብሎ የሚጽፈው «አለኝ» የሚለውን አንድ በአንድ ስለ ገለበጠው እንጂ ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም። የመንገርን ጠባይ ለሚይዘው ለ«ቴል» የሚቀርበው ግን «ነገረኝ» ነው። «ወደ ጊዮርጊስ የሚወስደውን መንገድ ነገረኝ» ስንል፣ ሰውየው የተናገረው ቃል በሙሉ መጠቀስ አያስፈልገውም፤ ጉዳዩና ሰሚው ይበቃሉ።

«አለ» ከዚህም አልፎ ይሄዳል። «እሺ አለ»፣ «እምቢ አለ» የተባለ ቃል ስላለባቸው አያስገርሙም። «ዝም አለ» ግን ያስገርማል፤ ምክንያቱም አማርኛ ዝምታን እንኳ የሚገልጸው በመናገር ግስ ነው። በፒያሳ አቅራቢያ «እሪ በከንቱ» የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙም የወጣለት በሌሊት የተዘረፈ ሰው «እሪ» ቢል ደራሽ ስለማያገኝ ነው ይባላል። የሰፈሩ ስም «አለ» የሚለውን ግስ ደብቆ የያዘ ነው ማለት ይቻላል።

ሐ. ነገር፣ ወሬ፣ ጨዋታ

እስከዚህ ድረስ ሁለቱ ቋንቋዎች ጐን ለጐን ሄደዋል። የሚለያዩት ከዚህ በኋላ ነው። እንግሊዝኛ ቃሉን፣ ሰሚውን፣ ድርጊቱን ሲጠይቅ፣ አማርኛ በተጨማሪ ሌላ ጥያቄ ያነሣል፤ ንግግሩ ክብደቱ ምን ያህል ነው? ይላል።

ከባዱ ክፍል ከ«ነገረ» ሥር የወጣው ነው። «ነገር» ማለት ጉዳይ ነው፤ ሙግትም ነው፤ ጠብም ነው። «ነገረኛ» ጠበኛ ነው፤ «ነገረ ፈጅ» በፍርድ ቤት የመሥሪያ ቤቱን ሙግት የሚከራከር ነው። አዋጅ ሲነገር የሚጐሰመው «ነጋሪት» ከዚሁ ሥር ነው፤ በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው የመንግሥት ሕግ ማስታወቂያም ነጋሪት ጋዜጣ የተባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ «ነግሬሃለሁ!» የሚል ሰው ያስጠነቅቃል እንጂ አይጨዋወትም። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስተው «ተናገረኝ» ነው። ልጅ «አባቴ ተናገረኝ» ቢል «ገሠጸኝ፣ ተቈጣኝ» ማለቱ ነው። ይህን በ«ስፒክ» ብቻ የተረጐመ ሰው ቁጣውን በመንገድ ላይ ጥሎት ይመጣል።

መካከለኛው ክፍል «አወራ» ነው፤ ሥሩም «ወሬ» ነው። ወሬ እውነትም ሐሰትም ሊሆን ይችላል፤ ተናጋሪው አልተዋሰበትም። አንድ ጉዳይ «ይወራል» ሲባልና «ተነገረ» ሲባል የሚሰጠው እምነት የተለያየ ነው፤ የመጀመሪያው ባለቤት የለውም፤ ሁለተኛው ግን የታወቀ አፍ ያለው ይመስላል።

ቀላሉና የተወደደው ክፍል «ተጫወተ» ነው። በቡና ቤት ደጃፍ ሁለት ሽማግሌዎች ከጥዋት እስከ ቀትር «ሲጫወቱ» ቢያረፍዱ ኳስ አልያዙም፤ ካርታም አልዘረጉም፤ ወግ ይዘዋል። እንግዳንም ዝም ሲል «ይጫወቱ እንጂ» ብሎ መጋበዝ የቤት ልማድ ነው። በዚህ አገባብ ንግግር አብሮ የመቀመጥ ደስታ ነው፤ ወሬው ቢረሳም ጨዋታው አይረሳም። «ቶክ» ለዚህ ይቀርባል፤ ሙቀቱን ግን አይዝም።

መ. የአራዳ ልጆች የጨመሯቸው

የአራዳ ልጆችም በዚሁ መንገድ ተጕዘው የራሳቸውን ግሶች አበጅተዋል። «ቀደደ» ወሬን እያስረዘመና እያጋነነ ለሚያወራ፣ «ጀነጀነ» ሴትን በጣፋጭ ቃል ለሚያባብል፣ «ተረበ» በቀልድ ለሚነካ ሰው ይነገራል። ልብ ብንል ሦስቱም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ተናጋሪው ምን ፈልጎ ይናገራል? የጐዳና ቋንቋ ነው ተብሎ ቢናቅም፣ አከፋፈሉ የአማርኛን ጠባይ የተከተለ ነው።

ሠ. የግስ ስሕተት የሚያመጣው ጉዳት

አንዳንድ አንባቢ ይህ ሁሉ የሰዋስው ጨዋታ ነው ይል ይሆናል። አይደለም። አንድ ምስክር «ጎረቤቴ ቤቱን ሸጥሁ አለ» ብሎ ይመስክር። አማርኛ የተናጋሪውን ቃል እንዳለ ስለሚጠብቅ የሸጠው ጎረቤቱ መሆኑን ማንም የሀገር ሰው ያውቃል። አስተርጓሚው ግን «ሸጥሁ» የሚለውን አንድ በአንድ ገልብጦ በእንግሊዝኛ ቢያስቀምጠው፣ ቤቱን የሸጠው ምስክሩ ራሱ ሆኖ ይገኛል። በውጭ አገር ጥገኝነት ጠይቆ በአስተርጓሚ አፍ ለሚጠየቅ ኢትዮጵያዊ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ አንዲት «ሁ» ቃሉን እርስ በርሱ የሚጋጭ ልታስመስለው ትችላለች።

በአማርኛ ውስጥም ቢሆን ግስ መምረጥ እንደ መፍረድ ነው። ስለ አንድ ተከሳሽ «ገንዘቡን ወሰድሁ አለ»፣ «መውሰዱን ተናገረ»፣ «መውሰዱን አመነ» ብለን ልንጽፍ እንችላለን። የመጀመሪያው ቃሉን ብቻ ያቀርባል፤ ሁለተኛው ያጠቃልላል፤ ሦስተኛው ግን ጥፋቱን ከዳኛው በፊት ቈርጦ ሰጥቶታል።

በአንድ ግስ ምክንያት ምን ያህል ሊደርስ እንደሚችል አራዳ ራሱ ምስክር ነው። በ1881 ዓ.ም. በተደረገው በውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ፣ የአማርኛው ጽሑፍ ዳግማዊ ምኒልክ ከኤውሮፓ መንግሥታት ጋራ በጣልያን አማካይነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የጣልያንኛው ጽሑፍ እንደ ግዴታ አድርጎ ተተረጐመ። ጠቡም እስከ 1888 ዓ.ም. የዓድዋ ጦርነት ድረስ ደረሰ። በ1923 ዓ.ም. የተመረቀው የምኒልክ ሐውልት ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ቆሞአል፤ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያም በዚያው በፒያሳ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ ከተመለከተው የምንረዳው፣ የመናገርን ግስ ለመተርጐም የቃል ፍች ብቻ እንደማይበቃ ነው። ተርጓሚው ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት፤ ቃሉ የማን ነው? ለማን ተነገረ? በምን ክብደት ተነገረ? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እንግሊዝኛ ራሱ ያስገድደናል፤ ሦስተኛውን ግን ከአማርኛ ይዘን መሄድ ያለብን እኛ ነን። መምህራንም «ሴይ»ን ከ«አለ»፣ «ቴል»ን ከ«ነገረ» ጋራ አጣምረው፣ የሚስማሙበትንና የሚለያዩበትን በምሳሌ ቢያሳዩ ብዙ ቀይ ቀለም ይተርፋል ብለን እናምናለን።

በመጨረሻም ለጓደኞቻችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ከፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ብዙዎቹ ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ሌሎች የከተማው ክፍሎች ተዛውረዋል። ድንጋዩንና ጣራውን በፎቶግራፍ ያስቀሩ ሰዎች አልጠፉም፤ አነጋገሩን ግን የሚያስቀረው ተቀምጦ የሚያዳምጥ ሰው ብቻ ነው። ሽማግሌዎቹ «ሲጫወቱ» ቃላቸውን በጥንቃቄ የሚጽፍ ተማሪ ቢገኝ፣ ይህ ጽሑፍ የጀመረውን ከዚህ በበለጠ ሊፈጽመው ይችላል።