የባቄላ ሥርና የደከመ መሬት

በአገር ቤት ገበሬው ጤፍና ስንዴ ያደከመውን ማሳ በባቄላ ወይም በሽምብራ ያሳርፈው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ልጆቻችሁ «የድሮ ልማድ ነው» ቢሏችሁ እሺ አትበሉ። ምክንያቱን በ1888 እ.ኤ.አ. ሄልሪገልና ቪልፋርት የተባሉ ጀርመኖች አረጋግጠውታል (ገበሬውማ ቀድሟቸዋል!)። በባቄላ ሥር ላይ በሚታዩት ትንንሽ እብጠቶች ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ ተክሉን ይመግባሉ።

እዚህም ቁራሽ የአትክልት ቦታ ካላችሁ በኅዳር፣ ዝናቡ ሲጀምር፣ ባቄላ ዝሩ። ሲያብብ አንዱን ነቅላችሁ ልጁን ጥሩትና እብጠቱን በጥፍራችሁ ክፈቱለት፤ ውስጡ ቀላ ካለ ባክቴሪያው ሥራ ላይ ነው። «ዴሸን» የሚሉትን ማዳበሪያ አታብዙ፤ ናይትሮጅን የጠገበ ተክል እብጠት እምብዛም አያወጣም። ፍሬው ከተለቀመ በኋላም ግንዱን ቁረጡት እንጂ ሥሩን አትንቀሉ፤ በዚያው ቦታ ጎመን ትተክሉበታላችሁ።