አሮጌውን ማሻሻል ወይስ አዲስ መግዛት? ከአንድ የፔይንትቦል ጠመንጃ የምንማረው



የዛሬው ንግግሬ በምህንድስና ኢኮኖሚክስ «የመተካት ውሳኔ» ስለሚባለው ጉዳይ ነው። አንድ መሣሪያ ሲያረጅ ክፍሎቹን እየለወጥን እናሻሽለው ወይስ ትተነው አዲስ እንግዛ? ጥያቄው ለፋብሪካ ሞተርም ለቤተ ሙከራ ኮምፒውተርም ይነሣል። እኔ የመረጥሁት ምሳሌ ግን አነስ ያለ ነው፤ እርሱም የፔይንትቦል ጠመንጃ ነው። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ አብዛኞቹም ለየብቻ ተገዝተው ሊለወጡ ይችላሉ። ስለዚህ የውሳኔው አካሄድ ያለ ብዙ ስሌት ጎልቶ ይታይበታል።

መሣሪያውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስተዋውቅ። ፔይንትቦል በታመቀ ጋዝ ኃይል የቀለም ኳስ የሚተኩስ መሣሪያ ነው። መጀመሪያ የተሠራው በአሜሪካ የደን ሠራተኞች ዛፎችን፣ ከብት አርቢዎችም ከብቶቻቸውን ከርቀት ምልክት እንዲያደርጉበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ሄኒከር በተባለች ከተማ 12 ሰዎች ጫካ ገብተው ተጫወቱበት፤ ስፖርቱም ከዚያ ተስፋፋ። ኳሷ የጄላቲን ቅርፊት አላት፤ ውስጧ በውሃ የሚታጠብ ቀለም ነው። የተለመደችው ኳስ ስፋቷ 17 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቷ 3 ግራም ያህል ነው። የመጫወቻ ሜዳዎች ፍጥነቷ በሰከንድ ከ300 ጫማ፣ ማለትም ከ91 ሜትር ገደማ፣ እንዳይበልጥ ይከለክላሉ።

ይህ የፍጥነት ገደብ ለውሳኔያችን የመጀመሪያው ቁም ነገር ነው። አሮጌውም አዲሱም በአንድ ገደብ ሥር ስለሆኑ፣ ተጨማሪ ኃይል በገንዘብ የሚገዛ ነገር አይደለም። ስለዚህ «አዲሱ ይበልጣል» የሚል ሰው «በምን?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን ቲፕማን 98 የተባለ ጠመንጃ እንውሰድ። አሠራሩ ሜካኒካዊ ነው፤ ከእያንዳንዱ ተኩስ የሚገኘው ጋዝ በከፊል መዶሻውን ወደ ኋላ ገፍቶ ለቀጣዩ ተኩስ ያዘጋጀዋል። ጠንካራ ነው፤ ለዓመታትም ያገለግላል። ባለቤቱ አራት ቅሬታዎች አሉት እንበል፤ እያንዳንዱን ከምንጩ እንመርምረው።

አንደኛው፦ በብርድ ጊዜ ኳሷ ኃይል ታጣለች። ጥፋቱ የጠመንጃው ሳይሆን የጋዙ ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ በፈሳሽ መልክ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ግፊቱ 57 ባር ያህል ነው፤ በ0 ዲግሪ ግን ወደ 35 ባር ይወርዳል። በተከታታይ ሲተኮስ ደግሞ ፈሳሹ ወደ ጋዝ ሲለወጥ ራሱን የበለጠ ያቀዘቅዛል። መፍትሔው ግፊት መቆጣጠሪያ ያለው የታመቀ አየር ሲሊንደር ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ኤሌክትሮኒክ ጠመንጃዎችም የሚሠሩት በታመቀ አየር ስለሆነ ይህ ወጪ በሁለቱም መንገድ አይቀርም።

ሁለተኛው፦ ኳሶች ይጣበቃሉ፣ ወይም በጊዜ ወደ ውስጥ አይወርዱም። ይህ በአብዛኛው የኳስ መጋቢው ችግር ነው፤ የተሻለ መጋቢ ተገዝቶ ኋላ ወደ አዲስ ጠመንጃ ሊሸጋገር ይችላል።

ሦስተኛው፦ ዒላማ ይስታል። ኳስ እርጥበት ሲነካት ታብጣለች፤ ቅርጿም ይዛባል። ስለዚህ ገንዘቡ አስቀድሞ ለጥሩ ኳስና በውስጥ ስፋቱ ለኳሷ ለሚስማማ አፈሙዝ ሊውል ይገባል። የአፈሙዝ ጥርስ ግን ከሥሪት ሥሪት ይለያያል፤ ዛሬ የተገዛው ለነገው ጠመንጃ ላይገጥም ይችላል።

አራተኛው፦ ቃታው ከባድ ነው፤ ጠመንጃውም ይነቀንቃል። ኤሌክትሮኒክ ቃታ ተገዝቶ ሊገጠምለት ይችላል፤ ሆኖም ያ መሣሪያ የሚያገለግለው ለዚያ ጠመንጃ ብቻ ነው። ነቅናቄው ደግሞ ከመዶሻው አሠራር የሚመጣ ስለሆነ በቃታ ለውጥ አይጠፋም። ዋናው ቅሬታ ይህ ከሆነ አዲስ መግዛት ይሻላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የወሰድኋቸው ናቸው። አዲሱ ጠመንጃ 100፣ ሲሊንደር 40፣ መጋቢ 25፣ ኤሌክትሮኒክ ቃታ 35 ይሁን። የማሻሻያው ድምር 100 ይሆናል። ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው «በዚሁ ዋጋ አዲስ አገኛለሁ» ይላል። ሲሊንደሩና መጋቢው ግን ለአዲሱም ያስፈልጋሉ፤ ስለዚህ የአዲሱ እውነተኛ ወጪ 165 ነው። ከሁለቱም ወገን የጋራውን 65 ስንቀንስ ትክክለኛው ንጽጽር 35 ከ100 ጋር ይሆናል። ባለቤቱ ከዓመት በኋላ አዲስ ቢገዛ እንኳ የሚቀርበት 35ቱ ብቻ ነው። በሌላ በኩል 35ቱ ቅሬታውን የማያስወግድ ከሆነ፣ ርካሽነቱ ለመክፈል ምክንያት አይሆንም።

ከዚህ ስሌት ውጭ ሊቀር የሚገባው ቀድሞ የወጣው ገንዘብ ነው። «እስከ ዛሬ ይህን ያህል አውጥቼበታለሁ» ማለት ለነገ ውሳኔ ማስረጃ አይሆንም፤ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ጥገናንም ከማሻሻል እንለይ፤ የደረቀ የጎማ ማሸጊያ ቀለበት መለወጥ መሣሪያውን ወደ ቀድሞ ብቃቱ ይመልሰዋል እንጂ አያሻሽለውም። አሮጌው ከአዲሱ ጋር መመዘን ያለበት ከተጠገነ በኋላ ነው።

ለዋጋ ስሌት የማይቀርብም ነገር አለ፤ እርሱም ደኅንነት ነው። ሕግ በተፈቀደው ፍጥነት የምትወጣ ኳስ እንኳ ዓይንን ልታጠፋ ትችላለች፤ ስለዚህ ከማንኛውም ማሻሻያ በፊት ለስፖርቱ የተሠራ የፊት መከላከያ ይገዛል። በአሜሪካ የታመቀ አየር ሲሊንደሮች በአብዛኛው በየ5 ዓመቱ የግፊት ምርመራ ያስፈልጋቸዋል፤ የተለመዱት የካርቦን ፋይበር ሲሊንደሮች ደግሞ የአገልግሎት ዘመናቸው በ15 ዓመት ያበቃል። ዘመኑ ያለፈበትን ሲሊንደር «ገና ይሠራል» ብሎ መሙላት ቁጠባ አይባልም።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ የቤተ ሙከራ ወይም የዎርክሾፕ ኃላፊዎች ስትሆኑ የግዥ ጥያቄ ላይ ትፈርማላችሁ፤ በጀቱም የብዙ ሰው ድካም ነው። ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገሮችን ጠይቁ። የሥራው ማነቆ በትክክል የትኛው ክፍል ነው? የምናወጣው ገንዘብ መሣሪያው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል ወይስ ለተተኪው ይተርፋል? ደኅንነቱስ ተረጋግጧል? እነዚህ ከተመለሱ «አሮጌ ወይስ አዲስ» የሚለው ጥያቄ መልሱን ራሱ ያገኛል።