አዲሱን መሪ ለመልመድ፦ ቀላል እጅ፣ ግልጽ ቃል

ለዓመታት መኪና ነድተዋል እንበል። አንድ ቀን አዲስ መኪና ውስጥ ሲገቡ የለመዱት መሪ የለም። በምትኩ በግራ እጅዎ በኩል የልጆችዎን የጌም መጫወቻ የምትመስል አጭር ዘንግ ቆማለች። ቤተሰብዎ ከኋላ ተቀምጧል። ምን ይሰማዎታል?

ከቦይንግ ወደ ኤርባስ የሚዛወር አብራሪ የሚገጥመው ይህን የመሰለ ነገር ነው። ሳይድስቲክ የምትባለው ይህች ዘንግ ወደ መንገደኞች አውሮፕላን የገባችው እ.ኤ.አ. በ1988 አገልግሎት በጀመረው ኤርባስ ኤ320 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ2016 በአፍሪካ የመጀመሪያውን ኤ350 ሲረከብ ጉዳዩ ለአገራችን አብራሪዎች ቅርብ ሆነ።

ልምምዱ የሚጀመረው መሬት ላይ፣ ሲሙሌተር ውስጥ ነው። ተማሪው መጀመሪያ የክንድ መደገፊያውን ለራሱ ያስተካክላል። ክንዱ ካላረፈ እጁ አይረጋጋም፤ ዘንጓን የሚያንቀሳቅሰው በአንጓው ብቻ ነውና።

ቀጥሎ የሚመጣው ከባዱ ትምህርት መልቀቅ ነው። አዲስ ተማሪ ወጥ እንደሚያማስል ሰው ዘንጓን ያለ ዕረፍት ያዞራታል። እጁ የሚያዘው ግን ኮምፒዩተሮችን ነው። አውሮፕላኑን ትንሽ አዘንብሎ ዘንጓን ቢለቃት ኮምፒዩተሮቹ ያንኑ አቋም ይጠብቁለታል። ስለዚህ ነካ አድርጎ መልቀቅና ውጤቱን ማየት ይበቃል። ለሃያ ዓመት በጉልበት የሠራ እጅ ይህን ለማመን ጊዜ ይፈልጋል።

ሦስተኛው ትምህርት የሕይወት ጉዳይ ነው። በቦይንግ የካፒቴኑና የረዳቱ መሪዎች የተያያዙ ስለሆኑ አንዱ ሲጎትት የሌላውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። የኤርባስ ሁለት ዘንጎች ግን እንዲህ አልተያያዙም። ሁለቱም አብራሪዎች በአንድ ጊዜ ቢያዙ ኮምፒዩተሩ ትእዛዞቹን ይደምራቸዋል። አንዱ የገፋውን ያህል ሌላው ቢጎትት ውጤቱ ዜሮ ነው! አውሮፕላኑ በድምፅ ያስጠነቅቃል፤ በዘንጓ ላይ ያለው ቀይ ቁልፍም ለአንዱ ቅድሚያ ይሰጣል። ዋናው መከላከያ ግን ቃል ነው፦ «እኔ ይዣለሁ»፣ «አንተ ያዝ»።

ቃል ሲጠፋ የሚሆነውን ዓለም አይቷል። ሰኔ 1 ቀን 2009 እ.ኤ.አ. ከሪዮ ዴ ጄኔሮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ ኤርባስ ኤ330 አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወድቆ 228 ሰዎች ሞቱ። የአደጋው መንስኤዎች ብዙ ነበሩ። የፍጥነት መለኪያዎቹ በበረዶ ተደፍነው ነበር፤ ረዳት አብራሪውም ዘንጓን ወደ ኋላ መጎተቱን አልተወም። ባልደረባው መሪውን ሲወስድ ደግሞ ምንም ሳይናገር መልሶ ወሰደው። ዛሬ ተማሪዎች የመሪ ርክክብን ቃል በቃል እየተናገሩ የሚለማመዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

እርስዎስ? ልጅዎ አንድ ነገር ጠይቆ አባት «እሺ»፣ እናት «አይሆንም» ያሉበትን ምሽት ያስታውሱ ይሆናል። ልጁ በመካከል ቆሞ ሁለታችሁንም ያያል። ያኔ ድምፅን ከፍ ማድረግ አይጠቅምም። አንዳችሁ «ይሄን ለእኔ ተወው» ይበል፤ ሌላው እጁን ያንሳ።