«ዘጠኝን ሳታስቀድሙ?»

የኪነ ጥበብ ፋኩልቲ ተማሪ ስለ ስልክ ማዞሪያ ምን አገባው የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። እኛም እስካለፈው ክረምት ድረስ ስልክ ማለት አንሥቶ ቁጥር መምታት ብቻ ይመስለን ነበር። አሳባችንን ያስለወጠን በቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ ለሥራ ልምምድ በተመደብንበት፣ ስሙን በማንጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት የደረሰ ነገር ነው።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ አቦይ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ ዘበኛ ደረጃው ላይ ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ከእኛ አንዱ ሮጦ በጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ስልክ አነሣና የቀይ መስቀልን የአምቡላንስ ቁጥር 907ን መታ። ስልኩ ዝም አለ። ደግሞ ቢመታ ደግሞ ዝም አለ። ጸሐፊዋ ከውጭ ስትገባ፣ «ዘጠኝን ሳታስቀድሙ እንዴት ይወጣላችኋል?» አለችን። ያን ጊዜ ግን አቦይን ባጃጅ ላይ ጭነናቸው ነበር። ደግነቱ ሕመማቸው የስኳር ማነስ ሆኖ በሳምንቱ ወደ በራቸው ተመለሱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሃምሳ ስልክ ቢኖር ሃምሳ የውጭ መስመር አለ ማለት አይደለም። ጥቂቶቹን መስመሮች ለሁሉ የሚያከፋፍል፣ ባለሙያዎች ፒ.ቢ.ኤክስ. የሚሉት የውስጥ ማዞሪያ አለ። ቀድሞ ይህን ሥራ ስልከኛይቱ ገመድ እየሰካች በእጅዋ ትሠራው ነበር፤ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ኮምፒዩተር ነው። ስልከኛይቱ የሰው ጩኸት ስትሰማ ትደነግጣለች፤ ኮምፒዩተሩ ግን የተጻፈለትን ደንብ ብቻ ያውቃል። ደንቡም በብዙ ቦታ «ዘጠኝ ከቀደመ ወደ ውጭ አውጣ፤ ካልቀደመ የውስጥ ቁጥር ነው» ይላል።

በአገራችን ነገሩን የሚያከፋው የአደጋ ቁጥሮቻችን ራሳቸው በዘጠኝ መጀመራቸው ነው፤ አምቡላንስ 907፣ ፖሊስ 991፣ የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939። ማዞሪያው 907ን ሲሰማ የመጀመሪያዋን ዘጠኝ መውጫ አድርጎ ይውጣትና 07 ብቻ ይቀረዋል። 07 ደግሞ የሳፋሪኮም የእጅ ስልክ ቁጥሮች መነሻ ስለ ሆነ የቀሩትን ስምንት አኃዞች ይጠብቃል። አቦይ መሬት ላይ ወድቀው ሳለ ማዞሪያው ቁጥር እስኪሞላለት ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

«907 ሲመታ ወዲያው አምቡላንስ ጥራ» ብሎ መጻፍ ይበቃል እንዳይባል፣ ዘጠኝን አስቀድሞ ወደ ሳፋሪኮም የሚደውል ሁሉ አምቡላንስ ሊጠራ ነው። ከ907 በኋላ ጥቂት ሴኮንድ ጠብቆ፣ ሌላ አኃዝ ካልተከተለ እንዲደውል ማድረግ ይቻላል። እኛ ግን የሚሻለው መውጫውን ከዘጠኝ ወደ ሌላ አኃዝ፣ ለምሳሌ ወደ ስምንት መለወጥ ይመስለናል። ዜሮ አይሆንም፤ የእጅ ስልክ ሁሉ በዜሮ ስለሚጀምር ያደናግራል። የውስጥ ቁጥሮችም በዘጠኝና በስምንት መጀመር የለባቸውም። ከዚያ ወዲያ 907 በቀጥታ ይወጣል፤ ከልማድ የተነሣ ስምንትን አስቀድሞ 8907 ለሚመታውም እንዲሁ ይከፈትለታል። የደነገጠ ሰው የሚሳሳተውን ስሕተት ደንቡ አስቀድሞ ሊያውቅለት ይገባል።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ፣ በቴክሳስ ግዛት በማርሻል ከተማ፣ ካሪ ሀንት የተባለች ሴት በሆቴል ክፍል ውስጥ በተለየችው ባልዋ ስትወጋ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅዋ 911ን አራት ጊዜ መታች። የሆቴሉ ስልክ ግን ሌላ ዘጠኝ እንዲቀድም የሚጠይቅ ነበርና አልወጣላትም። እናቲቱ ሞተች። የካሪ አባት ባለመታከት ስለ ተሟገተ በ2018 በስምዋ የሚጠራ ሕግ ጸደቀ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በዚያ አገር አዲስ የሚተከል ማዞሪያ 911ን ያለ መውጫ ቁጥር ማሳለፍ አለበት፤ ጥሪው መደረጉንም ለእንግዳ መቀበያው ወይም ለሌላ ኃላፊ ያስታውቃል። ይህ ሁለተኛው ነገር ቀላል አይደለም፤ አምቡላንሱ ሲደርስ በር የሚከፍትና ፎቁን የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋልና።

ሌላም አለ። ዋና መሥሪያ ቤታቸው አዲስ አበባ የሆነ ቅርንጫፎች ጥሪያቸው ሁሉ በዚያው እንዲወጣ ሆኖ ይገጠምላቸዋል። መቀሌ ላይ የተመታው 907 በ011 መስመር ከወጣ የሚሰማው አዲስ አበባ ነው፤ ስለዚህ የአደጋ ጥሪ በ034 መስመር፣ እዚሁ እንዲወጣ መለየት አለበት። ወደ ውጭ እንዳይደውል የተቆለፈ ስልክም ለአደጋ ቁጥር ይከፈት። መብራት ሲጠፋ ማዞሪያው ይሞታልና አንድ መስመር በቀጥታ ከተራ ስልክ ጋር ቢገናኝ መልካም ነው።

መቀሌ ስልክ ማጣት ምን እንደ ሆነ አትጠየቅም። በጦርነቱ ዘመን፣ በ2013 ክረምት የጠፋው መስመር በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. እስኪመለስ ድረስ፣ አምቡላንስ መጥራት ቀርቶ ዘመድ በሕይወት መኖሩን መጠየቅ አይቻልም ነበር። ይህን ያህል ተናፍቆ የተመለሰ ስልክ በአንዲት አኃዝ ሲታገድ ማየት ያንገበግባል።

የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ነገሩን ስንነግረው መጀመሪያ ሳቀብን፤ ኋላ ግን ራሱ 907ን መትቶ ዝምታውን ሰማ። ደንቡን የጻፈው በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሲጨርስ የሙከራ ጥሪ መሆኑን በእጅ ስልኩ ለቀይ መስቀል አስቀድሞ ነገረና፣ አቦይን ከበራቸው አስጠርቶ ቁጥሩን እርሳቸው እንዲመቱ ጋበዛቸው። መነጽራቸውን ሲፈልጉ ጥቂት ቆዩ፤ ስልኩ ግን አልቆየም።