በእናት እጅ የተሰጠ መድኃኒት

ሄሞፊሊያ የሚባለው ደዌ አብዛኛውን ጊዜ ከእናት ወደ ወንድ ልጅ የሚወርድ ነው፤ እናቲቱ ራሷ ጤነኛ ሆና ሳለች፣ ኤክስ ከሚባሉት ሁለት ክሮሞሶሞቿ በአንደኛው የተሸከመችውን ጉድለት ሳታውቀው ለልጇ ታወርሰዋለች፤ ልጁም አብዛኛውን ጊዜ ደምን የሚያረጋው፣ ሐኪሞች ፋክተር 8 የሚሉት ንጥረ ነገር ስለሚያንሰው፣ ሌላው ሕፃን ተነሥቶ በሚረሳው እንቅፋት የእርሱ ጉልበት ውስጡ ደም ይቋጥርና ሌሊቱን በሥቃይ ያነጋዋል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ አጋማሽ ጁዲት ፑል የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ የቀዘቀዘ ፕላዝማ ቀስ ብሎ ሲቀልጥ ከሥሩ የሚዘቅጠው ክፍል በፋክተር 8 የበለጸገ መሆኑን አገኘች። ከጥቂት ለጋሾች ደም የሚዘጋጀው ይህ መድኃኒት ብዙ ነፍስ አድኗል። በ1970ዎቹ ግን ከእርሱ ይልቅ ለአያያዝ የሚመች፣ በቤት ማቀዝቀዣ የሚቀመጥ ደረቅ ዱቄት መጣ፤ ብሪታንያም ከ1973 ጀምሮ ከውጭ እንዲገባ ፈቀደች። ይህን ዱቄት ለመሥራት ፋብሪካዎች የብዙ ሺህ ሰዎችን ፕላዝማ በአንድ ጋን ይቀላቅሉ ነበር፤ ከአሜሪካ የሚመጣውም በገንዘብ የተገዛ፣ ከፊሉም ከእስረኞች የተወሰደ ነበር። ከአንድ ሺህ ለጋሾች አንዱ ብቻ ቫይረስ አለበት ብንል፣ የአሥር ሰው ደም የገባበት ጋን የመበከል ዕድሉ ከመቶ አንድ ያህል ሲሆን፣ የሃያ ሺህ ሰው የገባበት ግን ከመበከል አያመልጥም።

እንግዲህ የእናቲቱን ሁኔታ እናስተውል። ሐኪሞቹ የልጇን የደም ሥር ፈልጋ እንድታገኝ አስተምረዋታል፤ ዱቄቱን በተጣራ ውኃ ትበጠብጣለች፣ ክንዱን ታስራለች፣ እያባበለች ትወጋዋለች፤ እብጠቱ ጎድሎ ልጁ ወደ ኳሱ ሲመለስም እፎይ ትላለች። ነገር ግን በብሪታንያ ብቻ የደም አለመርጋት ሕመም ካለባቸው 1,250 ያህል ሰዎች በዚህ መድኃኒት ኤች አይ ቪ ሲይዛቸው፣ ከእነርሱ 380 ያህሉ ልጆች ነበሩ፤ ብዙዎችም ሄፓታይተስ ሲ ተደርቦባቸዋል። ልጆቻቸውን የቀበሩ እናቶች፣ ደዌውንም ያወረስነው መርፌውንም የወጋነው እኛ ነን የሚል ድርብ ጸጸት ኅሊናቸውን ሲያቃጥለው ኖሯል። እኔ ግን ጸጸት የሚገባው አውቆ ለሚያደርግ ነው እላለሁ፤ ሐኪሞችና ሹማምንት በእንዲህ ያለ ዱቄት ሄፓታይተስ ሊተላለፍ እንደሚችል ሲያውቁ፣ ለእናቲቱ የነገራት አልነበረም። ክሮሞሶሙም ቢሆን በማንም ፈቃድ የሚታደል አይደለም፤ እንዲያውም ከሦስት ሕሙማን አንዱ ያህል፣ በቤተሰቡ ደዌው ታይቶ የማያውቅ፣ በአዲስ የጂን ለውጥ የተወለደ ነው።

ኀዘንን ከሚያቀሉት ነገሮች ለቅሶ የሚደርስ ሰው ይቀድማል፤ ለእነዚህ እናቶች ግን ይህም ተነፍጓቸው ነበር። በዚያን ዘመን የኤድስ ስም በተነሣበት ደጅ ጎረቤት ስለሚሸሽ፣ ትምህርት ቤትም ልጅን ስለሚያገል፣ ስንቱ ቤተሰብ የልጁን ሞት ምክንያት በሌላ ደዌ ስም ሸፍኖ፣ እንባውንም በጓዳ አፈሰሰ!

ዱቄቱን በሙቀት እያከሙ ኤች አይ ቪን መግደል የተለመደው ከ1984 መጨረሻ ወዲህ ነው፤ ለብዙዎቹ ልጆች ዘግይቷል። ይህን ጉዳይ እንዲመረምር በብሪታንያ የተቋቋመው፣ ዳኛው ሰር ብራያን ላንግስታፍ የመሩት ጉባኤ በግንቦት 2024 ባወጣው መግለጫ፣ መቅሠፍቱ በአብዛኛው ሊወገድ ይችል እንደነበር መሰከረ። ይሁን እንጂ ከዚያ ቀደም በ2022 መንግሥት ለሕሙማኑና ለሟቾች የትዳር ጓደኞች የመጀመሪያውን የ100,000 ፓውንድ ካሳ ሲከፍል፣ ልጅ የሞተባቸው ወላጆች አልተቆጠሩም ነበር። ዳኛው ይህ እንዲታረም በ2023 አሳሰቡ፤ ከእናቶቹና ከአባቶቹ ብዙዎቹ ግን ያን ሳያዩ ዐርፈዋል።